የእንስራዋ አርባ አንድ ሰከንድ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የሸክላው አዳራሽ ዕቃዎች እንደወትሯቸው ማውራት ጀመሩ። ጋኑ ስለ ሠርግ ጠላ አወጋ፤ ድስቱ በጾም ሽሮ ቀለደ። እንስራዋ ግን «እናቴ ገበያ ስትወጣ» ብላ ቆም አለችና «የምንጭ ውሃ ሲሞላብኝ እንዴት ደስ ይለኛል» ወደሚለው ዘለለች።

የአራት ቀን እረፍቷን ጨርሳ የገባችው ትርሲት ሰዓቷን ይዛ ሦስት ጊዜ አዳመጠቻት። በመዝገቡ ላይ የእንስራዋ ንግግር ስድስት ደቂቃ ሙሉ ነው። ሦስቱንም ጊዜ በአምስት ደቂቃ ከአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ አለቀ። አርባ አንድ ሰከንድ የለም። ትርሲት በሙዚየሙ የድምፅ ጠጋኝ ሆና ሃያ ዓመት ሠርታለች፤ ዕቃ ሲንተባተብ፣ ሲደጋግም፣ አንዳንዴም ሲሳደብ ጠግናለች። እንዲህ ቆርጦ የሚዘል ግን አጋጥሟት አያውቅም።

ዕቃዎቹ አፍ ያገኙት ከጎብኚዎች ነው። ሰው መጥቶ ስለ አንድ ዕቃ የሚያስታውሰውን ይናገራል፤ «ሸማኔ» የሚሉት መሣሪያ የሁሉንም ትዝታ እንደ ድርና ማግ አዋድዶ ለዕቃው አንድ ድምፅ ያወጣለታል። ድምፁን የወደደ ሁሉ በመረቡ ላይ የዕቃው ወዳጅ ይሆናል። እንስራዋ አርባ ሺህ ወዳጅ አላት፤ ከከንቲባው ትበልጣለች እየተባለ ይቀለዳል።

ትርሲት የሸማኔውን ማቆያ ከፈተች። ከእንስራዋ ድምፅ የወጣው የትዝታ ክር እዚያ ነበር። ሐሙስ ዕለት አቶ ኤርጫፎ የሚባሉ አዛውንት የተናገሩት ነው፤ እሑድ ማረፋቸው ከሥሩ ተጽፏል። ሌላ ቅጂ የለም። ቅዳሜ ሠላሳ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ስለተቃወመው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠፋል። አዳመጠችው።

«እናቴ ገበያ ስትወጣ እከተላት ነበር። እንስራዋን መሬት ላይ ታኖርና ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ ገዢዎች ከእጇ አይቀበሏትም። ሸክላ ሠሪ ናታ። አንድ ቀን ገዢዋ ቤት ድረስ ተሸክመን ሄድን፤ ውሃ ጠማን። ሴትየዋ ውሃውን የቀዳችው እናቴ ከሠራችው እንስራ ነው። ለእኛ ግን በኮባ ቅጠል አጠጣችን። ዋንጫዋ እንዳይረክስ።»

የተቃውሞዎቹን ምክንያት አነበበች። ደስ አይልም። ያስከፋል። የእንስራዋን መልካም ስም ያጎድፋል። የትርሲት ደም ፈላ። እንስራዋን እየወደዱ ሠሪዋን ለሁለተኛ ጊዜ ከደጅ መለሷት።

የሙዚየሙ ኃላፊ ናሆም ነገሯን በእርጋታ ሰማት። ሰው ወደዚህ የሚመጣው ሊደሰት ነው አላት። ደንቡ ግን ግልጽ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው ክሩን እስከ መጨረሻው አዳምጦ «ይቆይ» ካለ ይመለሳል። እዚያው ለስልሳው ሠራተኛ ጥያቄውን ላከው። ገና እጁን ሳያነሳ ስልሳ መልስ መጣ፤ ሁሉም «ይጥፋ» ይላል።

«አየሽ እትዬ፣ ሁሉም ሰምተውታል።»

«አርባ አንድ ሰከንዱን በሁለት ሰከንድ?»

«ወኪላቸው ሰማላቸዋ።»

ወኪል ሁሉም ሰው ከጆሮው ጀርባ የሚለጥፈው፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል መሣሪያ ነው። የባለቤቱን ጠባይ ያጠናል፤ ከዚያ ስለ እሱ ሆኖ ያነባል፣ ያመሰግናል፣ ይቃወማል። ባለቤቱ መስማት የማይወደውንም ከጆሮው ይመልሳል፤ የሚተኛው መረቡ በማይደርስበት፣ እንደ ሸማኔው ማቆያ ባለ ቦታ ብቻ ነው።

ትርሲት በሩን ወርውራ ዘጋችና ወደ ዘበኛው ወደ ጋሽ ደልቦ ሄደች። የእንስራዋን ነገር ተቃውመው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ተቃውሜያለሁ መሰለኝ» አሉ። «ባለቤቴም ተቃውማለች። ምኑን ነበር?»

ተመልሳ የተቃውሞውን መዝገብ ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ባለቤቱ ከመቃወሙ በፊት በገዛ ጆሮው ለምን ያህል ጊዜ እንደሰማ ይጻፋል፤ ስሙን ትታ እሱን ብቻ እያየች ወረደች። ዜሮ። ዜሮ። ሠላሳ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዜሮ። አንድም ሰው አልሰማውም። በመንጋ የነጎዱት ወኪሎቹ ናቸው፤ አንዱ ሲቃወም ሌላው ተከተለ። መጀመሪያ የተቃወመው ማን ነው? ወደ መዝገቡ አናት ተመለሰች።

የመጀመሪያው ስም የራሷ ነበር። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። እሷ እህቷ ቤት ተኝታ ነበር።

ወኪሏ ዋሽቷል ማለት አልቻለችም። ያየውን ነው የሠራው። የአባቷ እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ትርሲት ግን ሰው ስለ ዘሯ ሲጠይቃት ገበሬዎች ናቸው ትላለች፤ የሸክላ ሠሪ ወሬ ሲነሳ ስልክ የተደወለላት መስላ ትወጣለች። ወኪሏ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሲያይ ኖረ። ቁጣዋ ዞሮ ራሷ ላይ ወደቀ፤ አልበረደም፤ ይልቅ ባሰበት።

ወኪሏን ከጆሮዋ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ወደ አዳራሹ ወርዳ የመረቡን ማስተላለፊያ ዘጋች፤ የጎብኚዎቹ ወኪሎች በሙሉ ተኙ። ክሩን በትልቁ ድምፅ ማጉያ ለቀቀችው። የአቶ ኤርጫፎ ድምፅ አዳራሹን ሲሞላው ሰዉ ጆሮውን ይነካካ ጀመር። አንዳንዱ ወጣ። ናሆም እየሮጠ መጣና መሐል ላይ ቆመ፤ እሱም እስከ መጨረሻው ሰማው።

ትርሲት አንድ በአንድ ጠየቀች። አሥራ አንድ ሰው «ይቆይ» አለ፤ ጋሽ ደልቦ አንዱ ናቸው። ናሆም ከሁለቱ አንዱንም አልመረጠም። አራት ሰው «ይጥፋ» አለ፤ ሁለት ልጆች የያዘች ሴት «ይህን ልጅ ፊት አያወሩም» ብላ ተቆጣች። ትርሲት አራቱንም መዘገበች። እነዚህ ሰምተው ነው የጠሉት።

አሥራ ሁለተኛዋ ራሷ ነች። «ይቆይ» ስትል ግን ሸማኔው አልተቀበላትም። መጀመሪያ የተቃወመ ሰው፣ እንደ ሌላው ሳይሆን፣ ተቃውሞውን የሚያነሳው የተቃወመበትን ምክንያት በገዛ ድምፁ በሰው ፊት ተናግሮ ነው። ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ቀርቷል።

«የተቃወምኩት አፍሬ ነው» አለች። «የአባቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሃያ ዓመት እዚህ ቆሜ የሸክላ ድምፅ ስጠግን፣ አንድ ቀን አያቴ እንዲህ ያለ ይሠሩ ነበር ብዬ አላውቅም።»

ክሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማንም አላጨበጨበም። የተቆጣችው ሴት ልጆቿን እንደያዘች ጠጋ አለቻት።

«አያትሽንም እንደዚያ ያደርጓቸው ነበር?»

«አላውቅም።»

«አልነገሩሽም?»

«ጠይቄያቸው አላውቅም።»

ሴትየዋ አዘነችላት። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ እህቴ። ወኪልሽ ይሆናላ የከለከለሽ።»

ትርሲት እንደ ልማዷ ቆጠረች። አያቷ ካረፉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ያኔ ወኪል የሚባል ነገር ገና አልተሠራም ነበር» አለች።