የጥንቸሎቹ ክር

በ1990 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አርባ ምንጭ፣ ከኩልፎ ወንዝ አጠገብ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ፣ የጥንቸሎቹ ተንከባካቢ ኤርጫፎ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። መርማሪዋ መቶ አለቃ ወርቂቱ ስትደርስ ዘበኛው ደግነት እጁ ታስሯል። ሁለቱ ዶክተሮች ደግሞ ከሬሳው ወዲህና ወዲያ ቆመው ስለ ሪፖርታቸው ይጨቃጨቃሉ። ገና ስታያቸው ናቀቻቸው።

«ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ውሰጂውና ሥራችንን እንሥራ» አለ ከቀዶ ሕክምና ወደ ምርምር የዞረው ዶክተር ጉግሳ።

«ጓደኛዬ ነው፤ እኔ አልገደልኩትም» አለ ደግነት።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?» አለች ወርቂቱ።

«ብነግርሽ ይገባሻል?» አለ ጉግሳ።

«ይሞክሩኝ።»

ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው እየዘረዘረ አስረዳት። ሁለት የኤች አይ ቪ ክትባቶች በጥንቸል ላይ ይነጻጸራሉ። እግራቸው ላይ ቀይ ክር የታሰረላቸው እሱ ያዘጋጀውን ዲኤንኤ ይወጋሉ፤ የቫይረሱን ፕሮቲን ሰውነታቸው ራሱ እንዲሠራው ነው። ሰማያዊ የታሰረላቸው ኬሚስቷ ዶክተር ኑኃሚን ያዘጋጀችውን ፕሮቲን ይወጋሉ። ከዚያ የየትኛው ደም ብዙ ፀረ እንግዳ አካላት እንዳፈራ ይለካል።

«ማን እየመራ ነው?»

«እስካለፈው ወር እኔ» አለች ኑኃሚን። «ሰኞ ግን ተገለበጠ።»

ወርቂቱ የሟቹን የተጨበጠ እጅ ፈልቅቃ ከፈተች። ቋጠሯቸው ሳይፈታ የተቆረጡ ቀይና ሰማያዊ ክሮች ነበሩ። ጉግሳ ሳቀ። «የሸማኔ ልጅ! ክር ይዞ ተወለደ፣ ክር ይዞ ሞተ።»

እሷም ዶርዜ ላይ ለሸማኔ አባቷ ስትፈትል ያደገች ናት። ንግግሩን ዋጥ አድርጋ ጥንቸሎቹ ወዳሉበት ክፍል ገባችና እግራቸውን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበች።

«በኤርጫፎ እጅ ያለው ድር ሲበጠስ የሚቀጠልበት የሸማኔ ቋጠሮ ነው። የጥንቸሎቹን ክር ያሰረው እሱ ነበር። አሁን እግራቸው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው የእሱን ቆርጦ ጥሎ ቀዩን በሰማያዊ፣ ሰማያዊውን በቀይ ተክቷል። ውጤቱ የተገለበጠው ለዚህ ነው። ኤርጫፎ የተጣለውን ክር አግኝቶ ሊያጋልጥ ሲል ተገደለ።»

«ክር ማንም ያስራል!» አለ ጉግሳ።

«እንዲህ ግን አያስርም። ክሩ ከመጥበቁ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠምዝዟል፤ ቁስል ሲሰፋ እንዳይላላ የሚደረግ ነው። ክንዴን ሲሰፉኝ አይቼዋለሁ። ዶክተር ኑኃሚን፣ ሰው ሰፍተው ያውቃሉ?»

«እኔ? በፍጹም!»

«ደግነትም ዘበኛ ነው። እዚህ ግቢ ቀዶ ሐኪም የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ውጤቱ በመገልበጡ የተጠቀመውም እሱ ነው።»

የጉግሳ ፊት ደም መሰለ። «ታዲያ የስንት ዓመት ልፋቴን አንድ ሸማኔ ያዋርድብኝ?»

ፖሊሶቹ ያዙት።

«ስለዚህ የእኔ ፕሮቲን አሸነፈ ማለት ነው?» ብላ ኑኃሚን ፈገግ አለች።

ሰው ይህን ያህል ሊያንስ መቻሉ ወርቂቱን አንገፈገፋት። የደግነትን እጅ ፈታች። «ለኤርጫፎ አባት ማን ይንገራቸው?»

ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። ደግነት የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ፣ «እኔ ዶርዜ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ» አለ።