አናርኩል የመረጠችው መኪና

«ይኼኛውን ገና አያስነሡት» አለች አናርኩል። «መጀመሪያ ልንካው።»

ሃምሳ አለቃ ሻምቤት ቁልፉን እንደያዙ ቆሙ። ሠራዊቱ ያገለገሉ መኪናዎቹን በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ሁለት ባለ ስድስት እግር የጭነት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሌላው ፀሐይ የበላው ነው፤ አንድ መብራቱም ተሰንጥቋል። የአናርኩል ልጅ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ አይዳይ፣ ዓይኗ የቀረው አዲስ የተቀባው ላይ ነበር።

እናቷ ግን ኮፈኑን አስከፍታ መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈችና ሳቅ አለች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይኼ ሞተር ትኩሳት ይዞታል እንዴ? ገና በጠዋቱ?»

«እ... ትንሽ አንቀሳቅሰነው ነበር፣ እህቴ።»

«እኛ ሳንደርስ አሙቃችሁታል። ከቀዘቀዘ አልነሣም ይላችኋል ማለት ነው።» ወደ ሌላው ዞረች። «ያንን ይክፈቱልኝ።»

ያ መኪና እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። አናርኩል የዘይቱን መለኪያ መዝዛ ዘይቱን በሁለት ጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችና አሸተተችው። ከዚያ ጃኬቷን መሬት ላይ አንጥፋ በጀርባዋ ከሥሩ ገባች። ጥግ ላይ ሲጋራ የሚያጨሱ ሁለት ወታደሮች ተጠቃቅሰው ሳቁ። ስትወጣ ጉንጯ ላይ ግራሶ ተለጥፏል።

«አሁን ያስነሡት።»

ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አለና ተነሣ። ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ጭሱ ቀስ በቀስ ጠራ። አናርኩል ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችው። ደቂቃዎች አለፉ። ወታደሮቹም ሳቃቸውን ትተው ማዳመጥ ጀመሩ፤ ምን እንደሚሰሙ ግን አያውቁም።

«ይኼንን ነው የምወስደው» አለች በመጨረሻ።

ሃምሳ አለቃ ሻምቤት ጢማቸውን አሻሹ። «ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

«አባቴ። ወንድ ልጅ አልነበረውማ።»

«እንግዲያስ አልጎደለበትም» አሉና ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

መኪናው የአናርኩል ብቻ አይደለም። ፀደይ ላይ የሟሟው በረዶ የመንደራቸውን ድልድይ ጠራርጎ ከወሰደው ወዲህ ዱቄቱም፣ የታመመውም፣ ወደ በጋ ግጦሽ የሚወጣው ድንኳንም ወንዙን የሚሻገርበት አጥቶ ነበር። አርባ አባወራ በግ በግ አዋጥቶ ወንዝ የሚሻገር አንድ ከፍ ያለ መኪና እንዲገዛ ሲስማማ ሽማግሌዎቹ ማን ይምረጥ ብለው አልተከራከሩም። አናርኩል ወደዚህ ግቢ የተላከችው እንዲያ ነው። አይዳይ ደግሞ በሩሲያኛ የተጻፈውን የሽያጭ ወረቀት እንድታነብላት አብራት መጣች።

አይዳይ የመጣችው በደስታ አልነበረም። ትምህርት ቤት ውስጥ «ናፍጣ» ይሏታል። «ናፍጣ መጣች፣ ክብሪት እንዳትጭሩ!» እናቷ የሰው ትራክተር እየጠገነች ስላሳደገቻት ነው። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ አስተማሪዋ እትዬ ሳቢራ ወላጆች ሰኞ ክፍል መጥተው ስለ ሥራቸው እንዲያወሩ ጠየቁ። አይዳይ እጇን አወጣችና፣ «የኔ እናት ወገቧን አሟት ተኝታለች፤ አትመጣም» አለች። ውሸቱ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነበር። ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እስካሁን ለእናቷ አልነገረቻትም።

አቀበቱን ጨርሰው የተራራው አናት ላይ ሲደርሱ አናርኩል መኪናውን አቆመች። ወርዳ ስድስቱንም ጎማ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ካምቢዮውን ወደ ትንሽ ማርሽ አስገብታ ቁልቁለቱን በዝግታ ጀመረችው። ከኋላቸው አንድ የከተማ መኪና ክላክሱን እያንባረቀ አለፋቸው።

«ኤሊ እንኳን ትቀድመናለች፣ እማዬ» አለች አይዳይ።

«በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ ይል ነበር አያትሽ። ፍሬን ለመቆሚያ ነው፣ ለመውረጃ አይደለም።»

አራት ኩርባ ዝቅ ብለው ያንኑ መኪና ዳር ላይ ቆሞ አገኙት። ጎማዎቹ ይጨሳሉ፤ ባለቤቱ የውሃ ጀሪካን ይዞ ይሯሯጣል። አናርኩል አንገቷን በመስኮት አወጣች። «ወንድሜ፣ ውሃ እንዳታፈስበት! ፍሬኑ ይሰነጠቅብሃል። በራሱ ይቀዝቅዝ!» ሰውየው ጀሪካኑን አስቀመጠ። አይዳይ የእናቷን እጆች አየች። መሪው ላይ ያረፉት ልክ የፈረስ ልጓም እንደያዙ ላላ ብለው ነው። እንዲህ አድርጋ እንደምትይዘው ከዚህ በፊት ልብ ብላ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውሃው ሞልቷል። ፀሐይ በረዶውን ስታሟሟ ከቀትር በኋላ ሁሌም እንዲሁ ነው፤ ትንንሽ መኪና የሚሻገረው ጠዋት ሲጎድል ብቻ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ሚኒባስ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ውሃው እስከ በሩ እጀታ ደርሷል። ስድስት ሰዎች ጣሪያው ላይ ወጥተዋል። አንዷ የላስቲክ ከረጢት በሁለት እጆቿ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

እትዬ ሳቢራ ናቸው። የፈተና ወረቀት ሊያመጡ ወረዳ ሄደው ነበር።

አይዳይ ከመቀመጫዋ ዝቅ አለች። እናቷ ግን ጃኬቷን አውልቃ ነበር።

«ከፊታችን የተጠመጠመውን የብረት ገመድ ይዤ እገባለሁ። አንቺ መሪው ጋ ተቀመጪ።»

«እኔ?»

«ሌላ ሰው ይታይሻል? ስሚ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጪ። እጄን ሳነሣ ቀስ እያልሽ ልቀቂ፤ ሞተሩ ገመዱን ይጠቀልለዋል። እጄን ስጥል መልሰሽ ርገጪ። ሌላ ምንም እንዳትነኪ።»

አይዳይ እግሯ እንዲደርስላት ከመቀመጫው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች። እናቷ የገመዱን መንጠቆ ትከሻዋ ላይ ጥላ ገባች። ውሃው ጉልበቷን፣ ከዚያም ወገቧን ያዘ። ድንገት አዳለጣትና እስከ አንገቷ ጠለቀች። ጣሪያው ላይ ያሉት ጮኹ። አይዳይ አልጮኸችም፤ እናቷ ገመዱን እንዳልለቀቀች ለማወቅ ገመዱን ብቻ አየች። እናቷ ብቅ አለች፣ ውሃ ተፋች፣ መንጠቆውን ሚኒባሱ ላይ አሰረች።

እጅ ወደ ላይ።

አይዳይ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረገች። ገመዱ ተወጠረ፣ መኪናው አቃሰተ፣ ሚኒባሱ ነቅነቅ አለ። እጅ ወደ ታች። ረገጠች። እጅ ወደ ላይ። ለቀቀች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አታውቅም፤ ብቻ በስተመጨረሻ ሚኒባሱ ውሃ እያንጠባጠበ ጠጠሩ ላይ ወጣ፤ የጣሪያው ሰዎችም እየተቃቀፉ ወረዱ።

ሾፌሩ ከሚኒባሱ ጋር ቀረ። የቀሩት ከኋላ ተጫኑና እትዬ ሳቢራ ከረጢታቸውን እንዳቀፉ ጋቢና ገቡ። ከፍ ያለው መኪና ውሃውን እየገመሰ መሻገር ጀመረ። እትዬ ሳቢራ ውሃ የሚያንጠባጥበውን የአናርኩልን ፀጉር አዩ፤ ቀጥለው መሃል የተቀመጠችውን አይዳይን አዩ።

«አናርኩል፣ ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው?»

«ጤና? አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ፈረስ ነኝ!» ብላ ሳቀች አናርኩል።

«እሰይ» አሉ እትዬ ሳቢራ። በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። አይዳይ ጆሮዋ ጋለ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

መንደሩ መግቢያ ላይ ሰዎቹ እያመሰገኑ ወረዱ። እትዬ ሳቢራም ከረጢታቸውን ይዘው ሄዱ። አናርኩል ካልሲዋን አውልቃ እየጨመቀች ሳለ አይዳይ ከፊቷ ቆመች።

«እማዬ፣ ሰኞ ወላጆች ስለ ሥራቸው እንዲያወሩ ተጠርተው ነበር። እኔ... ወገቧን አሟታል ብዬ ዋሸሁ።»

አናርኩል ቀና አላለችም። «ለምን?»

«ናፍጣ ይሉኛል።»

እናቷ የሸሚዟን እጅጌ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። «እውነታቸውን ነው» አለች። ሳቅ መስሎ ጀመራት፤ ግን መሃል ላይ ቆመ። ተጨምቆ ያለቀውን ካልሲ እንደገና ጨመቀችው።

አይዳይ ዞር ብላ ሮጠች።

«እትዬ ሳቢራ! እትዬ ሳቢራ!» ሰዎቹ ሁሉ ዞረው አዩ። «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው? እናቴ ትመጣለች! አላመማትም፤ ዋሽቼ ነው!»

አስተማሪዋ ከረጢታቸውን ወደ ብብታቸው አዘዋወሩ። «ሦስት ሰዓት ላይ» አሉ። «መኪናውንም ይዛ ትምጣ። ግቢያችን ሰፊ ነው።»

አይዳይ እያለከለከች ተመለሰች። አናርኩል ሁሉንም ሰምታለች። የመኪናው መወጣጫ ላይ ቁጭ እንዳለች ባዶ እግሯን ትመለከታለች።

«ምን ለብሼ ነው የምመጣው?»

«ይኼንኑ» አለች አይዳይ። «ሲደርቅ።»