ሰሊጥ የገባበት የጠጅ ሳር ዘይት

«ያ የጎንደር ልጅ የሚፈልገው ዘይቷን ነው፤ እሷንስ ምን ሊያደርጋት!»

በሰሊጥ አገሯ በኮኪት ይህን ያልሰማ ጆሮ ካለ፣ እትዬ ካሰች ገና አላገኙትም ማለት ነው። ወፍጮ ቤት አወሩት፤ ሰሊጥ ማበጠሪያው ዘንድ ደገሙት፤ በመጨረሻም ለራሷ ለእስከዳር ይዘውላት መጡ።

«ልጄ፣ ብልቃጡን ይዞ ሄደ አይደል? በቃ፣ በዚያው ቀረ በይ።»

«እትዬ፣ ልጅዎን የወሰዷትስ ለትራክተራችሁ ሲሉ አልነበረም? ይኸው ወልዳ ከብዳ ትኖራለች።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ፣ ዓይኗ ከሸሕዲ የሚመጣውን ሚኒባስ ሁሉ ይከተል ነበር።

እስከዳር ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የቀረውን ከስልኳ የለቀመች ናት። ጠጅ ሳር በበርሜል ታፈላለች፤ እንፋሎቱን በቱቦ አሳልፋ ታቀዘቅዝና ጠብ ጠብ የሚለውን ዘይት ታጠራቅማለች። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች እግራቸው ሲቆስል ደጇ ይሰለፋሉ።

«ሲትራል ይባላል» ትላቸዋለች፤ «የጀርሙን ቆዳ በስቶ ሆድ ዕቃውን የሚያፈሰው እሱ ነው።»

ምንይችል ያገኛት ይህን ስትናገር ነው። ጎንደር ከተማ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ለአጨዳ የወረደ ወንድሙን ሊጠይቅ መጥቶ። አልሳቀባትም፤ አልተከራከራትም። «ልሞክረው?» ብቻ አላት። ይህች አንዲት ቃል ከስንቱ «ቆንጆ ነሽ» በልጣ ልቧ ውስጥ ገባች፤ አንድ ብልቃጥ ሞልታ ሰጠችው።

አልቀረም፤ ተመልሶ መጣ። ፊቱ ግን ጨፍግጓል።

«አልገደለም» አላት።

«ምኑ?»

«ዘይትሽ። ጀርሞቹ ጠብታው ሥር ድረስ በቅለዋል።»

«ይህን ልትነግረኝ ነው ከጎንደር ድረስ የወረድከው? ስልክ የለህም?»

«በስልክማ ብነግርሽ ትዘጊብኛለሽ።»

ልትስቅ ነበር፤ ኩራቷ ያዛት። የእትዬ ካሰች ወሬ እዚያው ሞተ፤ ለዘይት ብሎ የመጣ ሰው፣ ዘይቱ አይረባም ተብሎ ይመለሳል እንዴ?

«ምን ጨምረሽበት ነበር?» አለ ምንይችል።

«ምን እጨምራለሁ? ሰሊጥ ነዋ!»

«የሰሊጥ ዘይት?»

«ቆዳ እንዳያቃጥል፣ ግማሽ በግማሽ። ከኮኪት ያለ ሰሊጥ የሚወጣ ነገር አለ?» ለእሷ ወጥ ላይ ጨው እንደ መነስነስ ነበር፤ ጨው ጨመርኩ ብሎ የሚያወራ ማን አለ!

ምንይችል ግንባሩን ይዞ አስረዳት፦ ጀርም የሚያበቅሉበት ሳህን እርጥብ ነው፤ ሰሊጡ ሲትራሉን አቅፎ ይዞ ወደ እርጥቡ አላሳልፍም ብሎታል።

«እንግዲያ የወደቀው ሙከራህ ነው፤ ዘይቴ አይደለም» አለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ። «የሰሊጥ ሽታ እኮ ከደጅ ይጣራል! አፍንጫህን የት ጥለኸው ነው?»

ፊቱን ወደ በርሜሉ አዞረ። ምንም ያልነካውን ንጹሁን አምጥታ ከፊቱ ያዘችለት። ዓይኖቹን ጨፍኖ ሳበ፤ ቆየ። ሲገልጣቸው ብልቃጡን ሳይሆን እሷን አየ።

«አንቺንም አብሬ ብወስድስ?»

«ዛሬ ዘይቱን ውሰድ። እኔን በሽማግሌ ነው።»

የሁለተኛው ሙከራ ፎቶ በስልኳ ገባ፤ ጠብታው ዙሪያ አንድም ጀርም ያልደፈረው የጠራ ክብ። ፎቶውን ተከትለው ሽማግሌዎቹ መጡ። በሠርጉ ከእትዬ ካሰች በላይ የጨፈረ አልነበረም፤ «እኔማ ድሮም ብያለሁ!» እያሉ።

ሙሽሮቹ ጎንደር ሲገቡ እስከዳር ለአማቷ ለወይዘሮ ባየሽ አንድ ብልቃጥ ከፈተችላቸው።

«እማማ፣ እስኪ ያሽትቱት። ልጅዎ የዚያን ዕለት ሲያሸተው ዓይኑን ጨፍኖ ቀረ እኮ!»

ምንይችል በድንገት ጫማውን ማሰር ጀመረ። ወይዘሮ ባየሽ በሳቅ ፈነዱ።

«ምንይችል? ኧረ ልጄ! እሱ እኮ በልጅነቱ ከታመመ ወዲህ ሽታ የሚባል አያውቅም። ወጥ አርሮ ሽታው ቤቱን ሲሞላው እንኳ፣ እኛ ስንሯሯጥ አይቶ ነው የሚነሣው።»