የማይጎድለው ደንበኛ

አስካለ አመሻሽ ላይ የምትሠራው ሥራ፣ ሥራ ከተባለ፣ ሁልጊዜ አንድ ነው። ፀሐይዋ ከግራሮቹ ጀርባ ዝቅ ስትል የጣቢያውን ግቢ ትጠርጋለች፤ የጭነት መኪኖች በትነውት ያለፉትን አቧራ ከመኪና ቻርጅ ማድረጊያው ማሽን መስታወት ላይ በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች፤ ወፍራሙን ጥቁር ኬብል ጠቅልላ መስቀያው ላይ ትመልሳለች፤ በመጨረሻ ማብሪያውን ትጫናለች። የጣራው መብራቶች ቦግ ሲሉ፣ እናቷ ቤት መብራት በበራ ቁጥር ይባል እንደነበረው፣ «እንደምን አመሻችሁ» ትላለች። ግቢው ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም። ቢሆንም መብራት በርቶ ዝም ማለት ነውር ይመስላታል፤ ልማድ አይደል፣ አፏ ራሱ ይለዋል።

ግራር በር ከሁለት ከተማ መሃል የተጣለች የመንገድ ዳር መንደር ናት። የጣቢያው ባለቤት አቶ ፍስሐ «የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን መጥቷል፣ ቀድሞ የተገኘ ይበላል» ብለው ነበር ማሽኑን ያስተከሉት። ጉድ እኮ ነው! የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው መንገድ ላይ ቻርጅ አላገኝም ብሎ በዚህ በኩል አያልፍም፤ አላፊ ስለሌለ ደግሞ ያለው አንድ ማሽን ሊነቀል ነው። «ትምህርት ቤት እስኪከፈት አያለሁ፤ ደንበኛ ከሌለ ነቅዬ ከተማ እወስደዋለሁ» ብለዋታል። ማሽኑ ከሄደ ከጀርባው ያለችው የጥበቃ ክፍልም ትቀራለች። ክፍሏ ከቀረች ሶስና አትመጣም። ሶስና ልጇ ናት፤ አባቷ ጥሏቸው ከሄደ ወዲህ ዲላ፣ አክስቷ የኔነሽ ዘንድ ነው የምታድገው። ማታ ማታ ይደዋወላሉ፤ አስካለ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ግቢውን እየዞረች ስትሰማት፣ «እማዬ፣ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» የምትለው ነገር አንጀቷን ይበላታል። ለዚያች ክፍል ስትል ሰይጣን ራሱ ቢመጣ ኬብል ትሰካለት ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናብ ባረገዘ አንድ ምሽት፣ መብራቱን አብርታ «እንደምን አመሻችሁ» አለችና መጥረጊያዋን ለማንሳት ጎንበስ አለች።

«እንደምን አመሸሽ» አላት አንድ ድምፅ።

የወንድም የሴትም አይደለም፤ ውኃ ሳይቀምስ የከረመ ጉሮሮ ድምፅ ነው። «ማነው?» ብላ ዞረች። ማንም የለም። ዝናቡ መጣ፣ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤ ከእሱ ሥር ግን ማሽኑ መኪና ሲሰካበት እንደሚያደርገው በዝግታ ማጉረምረም ያዘ። ኬብሉ መስቀያው ላይ የለም። ግቢው መሃል ድረስ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ምንም ላይ ሳይሰካ ቆሟል። ከጫፉ ባሻገር አንድ መኪና የሚያህል መሬት ዝናቡ አያርሰውም። መስታወቱ ላይ፣ የተሰካው መኪና ምን ያህል እንደሞላ የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ከታች አንድ ጣት ያህል ሞልቷል። አስካለ «በስመ አብ!» ብላ ክፍሏ ገብታ በሩን ቀረቀረች።

ጠዋት ኬብሉ እንደተጠቀለለ መስቀያው ላይ አገኘችው። ሕልም ነው ልትል ስትል ስልኳ ጮኸ።

«አስካልዬ፣ ደንበኛ ይዘሻል እኮ!» አሉ አቶ ፍስሐ፣ እየሳቁ። «ስልኬ ላይ አየሁት፤ ክፍያውም ገብቷል። በርቺ!»

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። «አዎ ጋሼ፤ መጥቷል» የሚል ብቻ ከአፏ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ መጣ። ሰላምታዋን ትላለች፣ መልሱን ትሰማለች፣ ማሽኑ ያጉረመርማል፤ ግቢውን የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ይሞላዋል። አንድ ቀን መንደሩ በሙሉ መብራት ሄዶበት ውሾቹ እንኳ ዝም ባሉበት ጨለማ፣ የእሷ ማሽን ብቻውን ሲበራ አየችና ወደ ክፍሏ ሮጠች። በማግሥቱ መብራቱን አብርታ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሰላምታ አልሰጠችም። ምንም አልመጣም። ንጹሕ አየር እየሳበች ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

«ምነው ደንበኛው ቀረ?» አሉ አቶ ፍስሐ ጠዋት። «እኔማ ማሽኑን እዚያው ልተወው ወስኜ ነበር።»

የዚያን ቀን ማታ አስካለ አውቃ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እንደምን አመሻችሁ!» አለች። የእናት ነገር!

«ጠበቅኩሽ» አላት፤ አሁን ከጆሮዋ ሥር ነው።

አረንጓዴውን መስመር ልብ ያለችው ከዚህ በኋላ ነው። መኪና ቢሆን ነድቶ፣ ጎድሎ ይመለስ ነበር። ይኼ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም፤ ትናንት ካቆመበት ይቀጥላል። የትም አይሄድም ማለት ነው። እዚሁ፣ እሷ በምትጠርገው ግቢ ውስጥ እየሞላ ነው። ዝናብ የማያርሰውም መሬት በየምሽቱ እየጠበበ መጣ፤ ከመኪና ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ቁጢጥ ያለ ሰው ወደሚይዘው ቦታ። ድርቀቱ ከድምፁ ለቀቀ፤ ቀጠነ፣ ጠራ። የሆነ ቦታ የሰማችው ድምፅ ይመስላታል፤ የት እንደሆነ ግን ማሰብ አልፈለገችም።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል አቶ ፍስሐ ቁርጡን ነገሯት። «ማሽኑ አይነቀልም፤ ልጅሽን አምጪ።» አስካለ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የኔነሽም ሶስናን በዚያው ቀን በከሰዓቱ ባስ፣ ለሹፌሩ አደራ ብላ እንደምትልካት ነገረቻት።

የዚያን ዕለት ምሽት መስመሩ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ማሽኑ ጎን ላይ ሁሉን ነገር ቀጥ የሚያደርግ ቀይ ቁልፍ አለ፤ አስካለ መዳፏን ጣለችበት። መዳፏ ቀይ ቁልፉ ላይ እንዳለ አቶ ፍስሐ ታሰቧት፣ ክፍሏ ታሰበቻት፣ አልጋው ላይ ያነጠፈችው አዲስ አንሶላ ታሰባት። ዛሬን ብቻ፣ አለች በልቧ፤ ልጄ ትግባልኝና ነገ እጫነዋለሁ። መዳፏን አነሳች። ማሽኑ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። መስታወቱ «ሞልቷል» ይላል። ኬብሉ ጭቃው ላይ ወደቀ፤ ዝናቡም ግቢውን እኩል መምታት ጀመረ። ሄደ! ተመስገን፣ ሄደ!

«እማዬ!»

ሶስና በሩ ላይ ቆማለች። አስካለ ሮጣ አቀፈቻት፣ አገላብጣ ሳመቻት፣ አለቀሰች። ልጅቷ ትኩስ ናት፤ በዚያ ሁሉ ዝናብ መጥታ ፀጉሯ አልረጠበም። ባሱ በር ድረስ አምጥቷት ይሆናል፣ አለች አስካለ፤ አስገብታ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት፣ ዳቦ በወተት ሰጠቻት፣ ከጎኗም ተቀምጣ ስትበላ አየቻት። ስልኳ ጮኸ።

«አስካል፣ እንዳታስቢ» አለች የኔነሽ። «ባሱ ከመናኸሪያ ሳይወጣ ተበላሸ። ይኸው ሶስና እቅፌ ውስጥ ናት፣ ስታለቅስ ነው ያመሸችው። ነገ በጠዋት እልካታለሁ።» ከኋላዋ «እማዬን ስጪኝ! እማዬን!» የሚል የልጅ ለቅሶ ይሰማል።

አልጋው ላይ ያለችው ማላመጧን አቆመች። ቀና ብላ አስካለን አየቻት፤ ስልኩንም አየችው።

«ማናት እማዬ?» አለች። «እሷም ትመጣለች?»

አስካለ እጇን በዚያ ትኩስ ፀጉር ላይ አሳርፋ፣ ድምፅዋ እንዳይሰበር ጥርሷን ነክሳ፣ «አትላኪያት የኔነሽ፤ የማንን ልጅ ነው የምትልኪብኝ፣ የኔ ልጅ መጥታለች» አለች።