በደረቅ መሬት የተማረ ጀልበኛ

ካላመናችሁኝ አልፈርድባችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሙሉውን አልነገርኩም።

ጊዜው 2001 ዓ.ም፣ ግንቦት ወር፣ ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ቦታው ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ጋራዥ ነው። ጨለማ የለም፣ መቃብር የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

እኔ እዚያ መካኒክ ነበርኩ። የምነግራችሁ ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ኢያቄም ነው።

ኢያቄም ከካዛንቺስ ለገሃር ታክሲ ይነዳ ነበር። የታክሲው ባለንብረት መኪናውን ሲሸጠው ዓመት ሙሉ ቤት ዋለ። ሥራ የፈታ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ብላ ሲሉት "በልቻለሁ" ይላል።

ያኔ ነው ጀልባዋ የመጣችው።

ላንጋኖ ዳር ያለ ሎጅ ከውጭ ያስመጣት ካታማራን ነበረች። ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን አቁመው ከላይ ወለል የገጠሙባቸው በሏት። መሃላቸው ባዶ ነው፣ ነፋስ ያልፍበታል። ከኋላ ሁለት ሞተር ተሰክቶባታል፤ እያንዳንዱ ሁለት መቶ የፈረስ ጉልበት። ወደ ሐይቁ እስክትሄድ እኛ ግቢ ተሳቢ ላይ ተቀመጠች። ነጂ ይፈለግ ስለነበር ለምኜ ኢያቄምን አስገባሁት።

አስተማሪው ጋሽ አጽብሃ ነበሩ፣ የድሮ ባህር ኃይል። ምጽዋ ላይ ያልነዱት ነገር የለም። አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት።

ትምህርቱ በደረቅ መሬት ነው። አትሳቁ። ኢያቄም መሪው ላይ ይቀመጣል፤ ሞተሩ አይነሳም። እኔ ከፊት ክሪክ አስገብቼ አፍንጫዋን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ።

ማዕበሉ እኔ ነኝ።

"ስማ ልጄ" ይሉታል ጋሽ አጽብሃ። "መሃሏ የሚገባው ነፋስ ነው ተሸክሞ ከውሃው የሚያነሳት። ማዕበል ሲመጣ የጋዙን እጀታ ባንዴ ከለቀቅክ ነፋሱ ይከዳታል። አፍንጫዋ ይሰምጣል... በቃ፣ በራሷ ላይ ትገለበጣለች። ቀስ በል፣ ግን አትልቀቅ።"

"እሺ ጋሽዬ።"

"ደሞ ታስነጥሳለች። መሃሏ የታፈነው ነፋስ ውሃውን ይዞ በፊት በኩል ቡፍ ብሎ ይወጣል፣ ፊትህን ያጥብሃል። ያኔ ይማርሽ በላት እንጂ እጅህን እንዳታነሳ።"

ሳቅን።

ችግሩ ኢያቄም የታክሲ ሰው ነው። ስምንት ዓመት ፍሬን የለመደ እግር ጀልባ ፍሬን የላትም ቢሉት አይሰማም። አፍንጫዋን ባነሳሁ ቁጥር እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ እጁ ጋዙን ይመልሳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ነበር።

በመጨረሻው ቀን፣ ሐሙስ፣ ጋሽ አጽብሃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ኃይለማርያም... ለቀቀ?"

ቀና ብዬ አየሁት። ጋዙን እስከ መጨረሻው መልሶታል። ፊቱ ላይ ግን ከዓመት በኋላ ፈገግታ አየሁበት።

"አለቀቀም" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እንግዲህ አንተን አምኜ ነው" ብለው የማለፊያ ወረቀቱ ላይ ፈረሙ።

ዓርብ ጀልባዋ ሄደች። ኢያቄምም አብሯት ሄደ።

ቅዳሜ... ጀልባዋ ቆማ የነበረችበት ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ ካንዴላ እጠርጋለሁ። ጋሽ አጽብሃ በርጩማቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

መጀመሪያ ሰፈሩ ዝም አለ።

ካዛንቺስ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ወያላ እንኳ አይጣራም።

ከዚያ የሞተር ድምፅ... ሁለት ሞተር፣ አንድ ላይ።

"ሰማህ?" አሉ ጋሽ አጽብሃ በሹክሹክታ።

"ሰማሁ።"

"ፈጥኗል። በዚህ ነፋስ..."

ነፋስ አልነበረም። ከግቢው ዛፍ አንድ ቅጠል አልተነቃነቀም። የኮታቸው ጫፍ ግን ይርገበገባል።

ድምፁ ቀረበ... መታ... ተነሳ... መታ። መዳፌ መሬት ላይ ነበር። መሬቱ በክሪክ እንደሚነሳ ነገር ከፍ ዝቅ አለ።

ድንገት ከባዶው ቦታ ቡፍ አለ።

ፊቴ ረጠበ። ስጠርገው መዳፌ ላይ የቀረው ውሃ ሻይ መሰለ። የላንጋኖ ውሃ ቀለም ነው።

"ይማርሽ" አሉ ጋሽ አጽብሃ። ከዚያ ጮኹ። "አትልቀቅ! ልጄ፣ አትልቀቅ!"

ሁለቱም ሞተር ባንዴ ዝቅ አለ።

ጸጥ።

ከዚያ ጡሩምባው፣ ወያላው፣ ሁሉም ተመለሰ። ሰዓቴን አየሁ። አምስት ከሩብ።

ጋሽ አጽብሃ የማያይ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"አለቀቀም ብለኸኝ ነበር" አሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ ከሎጁ ተደወለ። ብቻውን ሊሞክራት ወጥቶ ነፋስ ተነሳ አሉኝ። በአፍንጫዋ ገብታ ተገለበጠች። ጊዜው? አምስት ከሩብ ገደማ።

አስከሬኑን ማታውኑ አመጡት። ያጠብኩት እኔ ነኝ። እሁድ ቂርቆስ ቀበርነው። እንባ እምቢ አለኝ። ሰውነቴ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ሲያጽናኑኝ "አሜን" እላለሁ፤ ጉረስ ሲሉኝ እጎርሳለሁ።

ማክሰኞ ሠልስቱ ነበር፣ ጠዋት አራት ሰዓት። የዕድሩ ድንኳን እስከ በሩ ሞልቷል። እናታችን እጸገነት ፊት ለፊት ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። እኔ አግዳሚው ዳር ሆኜ መሬት መሬት አያለሁ።

አንድ ሰው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አግዳሚው ረገብ አለ። ትከሻው ነካኝ... ሞቃት ነው።

"ኃይልዬ" አለኝ በሹክሹክታ።

የኢያቄም ድምፅ።

"እ?"

"እማዬ ምን ሆና ነው? ማን ሞቶ ነው?"

መጮህ ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም። ድሮም ለእሱ ክፉ ነገር መንገር አልችልበትም።

"የሩቅ ዘመድ ነው" አልኩት። "አንተ አታውቀውም።"

"ውይ... ነፍስ ይማር።"

ተነሳ። በሰዉ መሃል እየተሽሎከለከ ሄዶ ከእናታችን ጎን ተቀመጠ።

እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች... ለቅሶዋንም አቆመች።