አታልቅሺ

ቶማ ካላለቀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ሞቶ ሲገኝ፣ ስልኩ እዚያው ፎቁ ላይ፣ ብሎኬት ላይ በሥርዓት ተቀምጦ ነበር። የቲክቶክ ገጹ የመጨረሻ ጽሑፍ «ደክሞኛል። እናቴ፣ አታልቅሺ» ይላል። የሶዶ ሰው ሁሉ ራሱን ገደለ አለ። እናቱ ወይዘሮ ፈጠነች የልጃቸውን ቃል አክብረው ይኸው ሦስት ቀን አላለቀሱም።

ኢንስፔክተር ዘመነች ግን ፎቁ ላይ ወጥታ የሲሚንቶውን ብናኝ አጎንብሳ አየች። በመጨረሻው ዱካ ላይ ጣቶቹ ወደ ውስጥ፣ ተረከዙ ወደ ጠርዙ ነው።

የስልኩን የምስጢር ቁጥር የሚያውቁት አብረውት ቪዲዮ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የምትተውነው ሃይሚና በካሜራ የሚቀርጸው ጉልላት። ሁለቱም «እዚያ አልነበርኩም» ብለዋል። ጉልላት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለለቀስተኛ ውሃ ያድላል፤ ወይዘሮ ፈጠነች ፊት ግን አንድም ጊዜ አልቆመም።

«መዝሙር ልምምድ ላይ ነበርኩ» አለች ሃይሚ። «ይኸው፣ ያን ቀን የላከልኝን ያንብቡት።»

«ሃይሚ፣ የት ጠፋህ? ዛሬም ቆየህ።»

ዘመነች ቪዲዮዎቹን እያየች በቶማ አማርኛ ስንት ቀን እንደሳቀች ትዝ ብሏት አፈረች። «ለቀልድ አልነበረም እንዴ?»

«ኧረ እንዲሁ ነው የሚያወራው። ቤት ወላይትኛ ነው፤ አንተም አንቺም አንድ ቃል ነው። ሰው ሲስቅ ጊዜ ገጽ ከፈትን።»

«ቪዲዮው ሥር ያለው ጽሑፍ ግን ልክ ነው።»

«እሱን የሚጽፈው ጉልላት ነዋ። ስህተት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም።»

በማግስቱ ዘመነች ሁሉንም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበች።

«ቶማ አልዘለለም፤ ዱካው ወደ ኋላ ሲራመድ እንደወደቀ ይናገራል። ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ደግሞ ካሜራ ነው። ሃይሚን መዘምራኑ በሙሉ መስክረውላታል። ቶማ ሴትን ሁሉ ‹አንተ› ይላል፣ እናቱንም። እሱ ቢሆን ‹አታልቅስ› ብሎ ነበር የሚጽፈው። ጉልላት፣ ‹ሺ›ን ማን ጻፋት?»

ጉልላት የያዘውን የውሃ ጆግ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ዳሞታ ተራራ ከጀርባው ሙሉ እንዲገባ፣ ‹አንድ እርምጃ ወደ ኋላ› አልኩት። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ጠርዙን አላየሁም። ወርጄ ሳየው ሞቷል። ፈራሁ። ተመልሼ ወጥቼ ቪዲዮውን አጥፍቼ ያንን ጻፍኩ። በሞቱ እንኳ አረምኩት።»

«ትቶኝ አልሄደም ማለት ነው?» አሉ ወይዘሮ ፈጠነች።

«አልሄደም፣ እማማ። ሥራ ላይ ነበር።»

የዘመነችን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ» አሏት።

ድንኳኑ ውስጥ የሳቀ የለም። ወይዘሮ ፈጠነች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና አለቀሱ።