የተጠቀለለው መረብ

መጀመሪያ የተሰማት ድምፅ ነበር፤ ቃጭ፣ ቃጭ፣ ቃጭ። ጭጋጉ ሐይቁንም መንገዱንም ውጦት ስለነበር መርማሪዋ ከመኪናዋ ወርዳ ድምፁን እየተከተለች ሄደች። እርጥቡ ሳር ጫማዋን አራሰው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጠለያ ስትደርስ አንድ ጎልማሳ ትናንሽ የወፍ ቀለበቶች የሞሉበትን ጣሳ ሲያንቃጭል አገኘችው። የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ማንቃጨሉን ራሱም ያወቀው አይመስልም።

ሟቹ የወፍ ወዳጆች ክበብ ሊቀመንበር ነበር። ክበቡ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወፎችን በመረብ ይይዛል፤ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አስሮ፣ መዝኖና መዝግቦ ይለቃቸዋል። ዛሬ ሊቀመንበሩ ሸምበቆው ዳር፣ ሦስተኛው መረብ ሥር፣ ማጅራቱን በብረት ተመትቶ ወድቋል።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች፣ አየች፣ ቀና አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሬሳ አይታለች። እግሯን ከመብረዱ በቀር የተሰማት ነገር የለም።

«አለቃ፣ ይሄ እንኳ የሚያደክም አይደለም» አለ ሃምሳ አለቃው። «የመጠለያው ዘበኛ አጠገቡ ተገኝቷል፣ እጁ ደም በደም ሆኖ። ትናንት ተጣልተው ነበር። በአራት ሰዓት መኪናው መጥቶ ይወስደዋል።»

ሦስት ሰዓት ሆኗል። ዘበኛው ስልሳን አልፏል፤ በዚህ ዕድሜው እስር ቤት ከገባ መውጣቱ ያጠራጥራል።

ዘበኛው እጁ በካቴና ታስሮ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ምን አጣላችሁ?»

«መረቡን በቢላ ቀደድኩበታ! ወፏ ተጠላልፋ ስትንጫጫ ሆዴ አልችል አለ። አፈታቱን እኔ ምኑን አውቄው! ‹ይህን ሁሉ ዓመት ስታየን አንድ ቋጠሮ መፍታት አልተማርክም?› ብሎ ሰደበኝ።»

«ወፍ ይወዳሉ ማለት ነው።»

«አልጠላም። ግራ የሚገባኝ እግሯ ላይ ቁጥር የሚያስር ሰው ነው። መኪና ናት እንዴ፣ ታርጋ የሚለጠፍባት?»

«ደሙስ?»

«ሰው በአፍጢሙ ተደፍቶ እያየሁ ልለፍ? አገላብጬው ነው።»

ወደ መረቦቹ ሄደች። ሁለቱ እንደተዘረጉ ናቸው። ሦስተኛው ግን ተጠቅልሎ፣ ሦስት ቦታ በጨርቅ ታስሯል። ወፍ የለበትም፤ የተበጠሰ ክርም የለውም።

የክበቡን መዝገብ የምትይዘው አንዲት ፋርማሲስት ናት። ዓይኗ ደርቋል።

«መረቦቹን ማን ዘረጋቸው?»

«ሊቀመንበሩና መምህሩ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት። ሦስቱንም።»

«የሚጠቀለሉትስ?»

«ረፋድ ላይ ስንጨርስ ነው። ሊቀመንበሩ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሊያያቸው ብቻውን ሄደ። ሲቆይብን ፍለጋ ልንወጣ ስንል የዘበኛው ጩኸት ተሰማ።»

«ወፍ እያለበት ይጠቀለላል?»

«ኧረ በፈጠረዎት! ይጨፈለቃል እኮ። መጀመሪያ አንድ በአንድ ፈትቶ ማውጣት ነው። ያንን ደግሞ ከሟቹ ሌላ የምንችለው እኔ፣ ወንድሙና መምህሩ ብቻ ነን።»

ጡረታ የወጣው የባዮሎጂ መምህር ረጅምና ንጹሕ ሰው ነው። መርማሪዋ ጥያቄዋን እስክትጨርስ እንኳ አልጠበቀም።

«አንደኛው መረብ ጋ ነበርኩ፣ እሾሁ መሃል። ሦስት ወፍ ይዤ መጥቻለሁ፤ ተመዝግቧል። ‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ› ይባላል፤ ግን እዚህ ምኑ ይጠረጠራል?»

የሟቹ ወንድም የማንቃጨሉን ነገር ሳይተው በሌላው እጁ የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። ውስጡ አንድ ቀለበት አለ።

«ትናንት ወንድሜ ከጣሳው ለይቶ ያስቀመጠው ነው። ‹ነገ ከመምህሩ ጋር እነጋገርበታለሁ› አለኝ። ምንድነው ብዬ አልጠየቅኩትም።»

መርማሪዋ መዝገቡን ወስዳ ብቻዋን ተቀመጠች። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉንም መጠለያው ሥር ሰበሰበቻቸው። ዘበኛውም ከነካቴናው መጣ።

«ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው መረብ ለመጠቅለል አይቆምም» አለች። «ይሄኛው ቆሟል። ወፎች ተይዘው ነበር፤ ሰው እስኪደርስ ተንጠልጥለው እንዳይሞቱ አወጣቸው። ሌላ እንዳይገባ ደግሞ ጠቀለለው። አባባ ቢሆኑ ወይ በቢላ ይቀዱታል፣ ወይ ትተውት ይሄዳሉ።»

መዝገቡን ፋርማሲስቷ ፊት አስቀመጠች።

«የወጡት ወፎችስ የት ገቡ? መምህር ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሦስት ወፍ አመጡ። ‹ከአንደኛው መረብ› ብለው አስመዘገቡ። ሦስቱም የሸምበቆ ወፎች ናቸው። እስቲ ንገሪን፣ እንዲህ ያለች ወፍ እሾሁ መሃል ተይዛ ታውቃለች?»

ፋርማሲስቷ መዝገቡን አገላበጠች። አንድ ገጽ፣ አንድ ዓመት፣ አራት ዓመት።

«ስልሳ አንድ ተይዘዋል» አለች በመጨረሻ። «ሁሉም ከሦስተኛው ነው። እኔ... የነገረኝን ጻፍኩ።»

«ይሄ ቀለበት ደግሞ» አለች መርማሪዋ ወረቀቱን ዘርግታ፣ «በመምህር ጽሕፈት ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ወደዚህ በተመለሰች ወፍ እግር ላይ። ቀለበቱ ግን ከጣሳው ወጥቶ አያውቅም። ወፏ የለችም። ሊቀመንበሩ ይህን ደርሶበት ነበር።»

መምህሩ ጠረጴዛውን ያያል።

«ቀለበት የማሰር ፈቃዴን ሊያስነጥቀኝ ነበር» አለ። «ሌላ ምን አለኝ?»

«ወፎቹን እዚያው ቢለቋቸው እኮ እዚህ ላይ አንደርስም ነበር።»

«ቀለበት ሳላስር ለቅቄ አላውቅም።»

የጣሳው ድምፅ ቆመ። «ይተነፍስ ነበር?» አለ ወንድሙ። «ትተኸው ስትሄድ፣ ወንድሜ ይተነፍስ ነበር?»

«አላየሁም» አለ መምህሩ። «ወፎቹን እያወጣሁ ነበር።»

ያለቀሰም የጮኸም አልነበረም። መኪናው ሲመጣ ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከዘበኛው እጅ ፈትቶ መምህሩ ላይ አሰረው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉን» አለ ሃምሳ አለቃው አንገቱን ደፍቶ። «ወደ ማደሪያዎ ላድርስዎት?»

ዘበኛው የእጁን አንጓ አሸት አሸት አደረገ። የዘበኝነት ካፖርቱን አወለቀ፤ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመዝገቡ በላይ አስቀመጠው። ከዚያ በሸሚዙ ብቻ፣ ማደሪያውን ወደ ኋላ ትቶ፣ አስፋልቱን ይዞ ሄደ።